የአቃቂ ልክ

ስትሮክ ከመታው ሰው አልጋ አጠገብ የቆመ ቤተሰብ ሐኪሙን አስቀድሞ የሚጠይቀው የበሽታውን ምንነት አይደለም። «ዶክተር፣ አባባ ይነሳሉ?» ነው የሚለው። ይራመዳሉ? ይናገራሉ? ቀኝ እጃቸው ይመለሳል? አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ጀምሮ እስከ ሠፈር ክሊኒኮች ድረስ፣ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚመሽበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ሐኪሙ መልሱን ከብዙ ቦታ ይለቅማል፤ ከታማሚው ዕድሜ፣ ከሲቲ ስካኑ፣ ከእጅና ከእግር ጉልበት፣ ሕመሙ ከጀመረ ካለፈው ሰዓት። ካለፉት ጥቂት ዐሠርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተመራማሪዎች መልሱን ደም ውስጥ መፈለግ ጀምረዋል። እኔን የሳበኝ ይህ ደም ነው፤ ከደሙም ይልቅ ደሙን ወደ ቁጥር የሚለውጡት እጆች።

የአንጎል ክፍል ደም ሲያጣ ወይም ደም ሲፈስበት ጉዳቱ ራስ ቅል ውስጥ ታፍኖ አይቀርም። ከሞቱት ሕዋሳት የተሰባበረ ፕሮቲን ወደ ደም ያልፋል። ኮርቲዞልና አድሬናሊን ይጎርፋሉ፤ የስኳር ሕመም በሌለበት ሰው ላይ ሳይቀር የደም ስኳር ሽቅብ ይወጣል። ጉበት ሲአርፒ የተባለውን የብግነት ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል። ነጭ የደም ሕዋሳትም አሰላለፋቸውን ይለውጣሉ፤ የደም ሥር ግድግዳ ታክከው የቆዩ ኒውትሮፊሎች በሰዓታት ውስጥ ወደ ፍሰቱ ሲገቡ፣ ሊምፎሳይቶች በአንጻሩ ያንሳሉ። የሊምፎሳይቱ ማነስ ቀላል ነገር አይደለም፤ መዋጥ ላቃተውና ምግቡ ወደ ሳንባው ለሚሄድበት ታማሚ የኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ይህን ለውጥ በአንድ ቁጥር ለመያዝ የኒውትሮፊሉን ቁጥር ለሊምፎሳይቱ ማካፈል ብቻ በቂ ነው፤ የሚወጣው ሬሾ ይባላል። በብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ይህ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ያለባቸው ሰዎች፣ በአማካይ ሲታይ፣ ከ90 ቀን በኋላ ያሉበት ሁኔታ የከፋ ነው። ሁኔታው የሚለካው ከ0 እስከ 6 በሚሄድ መሰላል ነው፤ 0 ምንም ምልክት ያልቀረበት፣ 6 የሞተ። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ብዙ የጤና ተቋማት የሚያውቁት፣ ሲቢሲ የተባለው የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው። ውድ መድኃኒት የለበትም፣ ልዩ ኪት አይጠብቅም። ታዲያ ርካሽ ነው ማለት እንደዋዛ የሚሠራ ነው ማለት አይደለም።

ቆጣሪ ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ሲያጠራጥር የላብራቶሪ ባለሙያዋ ወደ ስላይዱ ትመለሳለች። ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ለዓይን የሚጥም የለም። ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን ቱቦ 8 ወይም 10 ጊዜ በእርጋታ ትገለብጣለች፤ መነቅነቅ ሕዋስ ይሰብራል። ከስላይዱ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላ አንዲት ትንሽ ጠብታ ታኖራለች። ሌላ ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አጋድላ ወደ ጠብታዋ ወደ ኋላ ትስበዋለች፤ ሲነካካ ደሙ በጠርዙ ሥር ግራና ቀኝ ይሮጣል። ለቅጽበት ትጠብቀዋለች። ከዚያ ሳትጫን፣ ሳታመነታ፣ በአንድ ምት ወደ ፊት ትገፋዋለች።

ሁሉም ነገር ያለው በዚያች ምት ውስጥ ነው። እጇ መሃል ላይ ከቆመ ስላይዱ ላይ መስመር ይጋደማል፤ ስላይዱ ቅባት ካለበት ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ደሙ የቀጠነ ከሆነ ማዕዘኑን ከፍ፣ የወፈረ ከሆነ ዝቅ ታደርጋለች፤ ይህን የሚነግራት መጽሐፍ ሳይሆን ጠብታዋ ስላይዱ ላይ ስታርፍ ያየችው ነው። በደንብ የተሠራ ስሚር፣ ማለትም ስላይዱ ላይ የተዘረጋው ደም፣ ከወፍራሙ ጫፍ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻው ላይ ላባ ይመስላል፤ ጎንና ጎኑ ከስላይዱ ጠርዝ አይደርስም። ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት ቀስተ ደመና የሚያሳየው ቀጭን ክፍል ዓይን የሚያርፍበት ነው፤ እዚያ ሕዋሶቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ አንዱ ሌላው ላይ አልወጣም።

ለስትሮኩ ስሌት ይህ ቅንጦት አይደለም። ደሙ ሲዘረጋ ትልልቆቹ ሕዋሳት፣ ኒውትሮፊሎቹና ሞኖሳይቶቹ፣ ወደ ጠርዝና ወደ ላባው ጫፍ ይገፋሉ፤ ትናንሾቹ ሊምፎሳይቶች መሃል ይቀራሉ። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ብቻ የቆጠረ ሰው ሬሾውን ሳያውቀው ያሳብጠዋል፤ መሃል ላይ ብቻ የቆጠረ ደግሞ ያሳንሰዋል። ዐዋቂዋ ባለሙያ ስላይዱን ወደ ላይ ትወጣለች፣ ጥቂት ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች፣ እንደገና ወደ ጎን። ጠርዙም መሃሉም ድርሻውን ያገኛል።

ሕዋሶቹ እንዲለዩ ስላይዱ የሚቀባው ቀለምም የራሱ ጠባይ አለው። የራይት ቀለም ውስጥ ያለው ሜታኖል ሕዋሱን ከስላይዱ ጋር ያጣብቀዋል፤ በኋላ የሚጨመረው ውሃ ፒኤች 6.8 አካባቢ መሆን አለበት። ወደ አሲድ ካዘነበለ ሁሉ ነገር ቀይ ይሆናል፣ ወደ ሌላው ካዘነበለ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ይሆናል። ልኩ ሲገኝ ግን ኒውትሮፊሉ በቀጭን ክር የተያያዙ ከ2 እስከ 5 ቁራጭ ያለው ሐምራዊ ኒውክለስ ይዞ፣ በደቃቅ ሮዝ ነጠብጣብ ተሞልቶ ይታያል። ሊምፎሳይቱ ክብ ጥቁር ሰማያዊ ኒውክለሱ ሕዋሱን ሞልቶት ዙሪያው ቀጭን የሰማይ ቀለም ብቻ ይቀራል። ሁለቱን ማሳሳት ያስቸግራል፤ ቀለሙ ከተበላሸ ግን አያስቸግርም።

እዚህ ላይ አድናቆቴን የሚገድብ ሒሳብ አለ። በተለምዶ የሚቆጠረው 100 ሕዋስ ነው። ከ100ው 60 ኒውትሮፊል ካገኘን፣ በዕድል ብቻ የሚመጣው ስሕተት እውነተኛው ከ50 እስከ 70 መካከል ነው እንድንል ያስገድደናል። 30 ሊምፎሳይትም እንዲሁ ከ20 ትንሽ ከፍ ካለ እስከ 40 ይወዛወዛል። 60 ለ30 ሲካፈል 2 ነው፤ ዕድል ሲዞር ግን ያው ደም ከ3 በላይ ሊመስል ይችላል፣ ወይም ከ1 ብዙም የማይርቅ። የእጅ ጥበብ ይህን ስሕተት አያጠፋውም፤ 200 መቁጠር ይቀንሰዋል፣ ሺዎችን የሚቆጥር ማሽን ደግሞ የበለጠ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ለማሽኑ፣ ጥርጣሬውን ለዓይን መተው ተገቢ ይመስለኛል። ነጭ ሕዋሳቱን በሦስት ጎራ ብቻ የሚከፍል ማሽን ሲሆን ዓይኑ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ኢዮሲኖፊልን ለብቻው አያሳይምና፣ የአንጀት ትላትል በማይጠፋበት አገር ደግሞ ኢዮሲኖፊል መብዛቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከስላይዱም በፊት ደሙ የተቀዳበት ሁኔታ አለ። ክንዱ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከ1 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ግሉኮስ የሚንጠባጠብበት ክንድ ላይ መርፌ አይገባም፤ የሚለካው የታማሚው ስኳር መሆኑ ቀርቶ የከረጢቱ ይሆናል። ስኳር ራሱ ጊዜ አይሰጥም። ሴንትሪፉጅ ሳይደረግ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ቱቦ ውስጥ ሕዋሶቹ በሕይወት አሉ፣ ይበላሉም፤ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ስኳር ይጨርሳሉ። ሲቀዳ 180 የነበረ ከ3 ሰዓት በኋላ 150 ገደማ ሆኖ ይነበባል። ሲገባ ስኳሩ ከፍ ያለ የስትሮክ ታማሚ የማገገም ዕድሉ ዝቅ ይላል የሚለው ዕውቀት፣ ቱቦውን ቶሎ ባደረሰ ተላላኪ እግር ላይ የቆመ ነው። ይህን ሰው ማንም አያመሰግነውም።

አሁን ወደ አቃቂ ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ልቡ ያለው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ፤ መቀመጫው ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮጀክቱ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ለመከታተል ሁለት ቦታ መረጠ፤ አንዱ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ሌላው የአቃቂው የቃጫ ፋብሪካ። ምርጫው የሚገርም አይደለም። አቃቂ ከጅቡቲ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ዳር ያደገች የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ሠራተኛው በፈረቃ ይገባል፣ በፈረቃ ይወጣል፣ ከዓመት ዓመት እዚያው ይገኛል። በየ6 ወሩ ደም የሚሰጥ ሰው ለሚፈልግ ጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

የጥናቱ ዓላማ ኤችአይቪ ነበር፤ ስለ ስትሮክ ያሰበ አልነበረም። ነገር ግን የታመመን ደም ለመመዘን የጤነኛው ደም ልክ መታወቅ ነበረበት። አስቴር ፀጋዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ክሊኒካል ኤንድ ዲያግኖስቲክ ላቦራቶሪ ኢሚዩኖሎጂ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ሥራ ይህን ልክ ይዞ ወጣ። የክትትሉ ተሳታፊ የሆኑ፣ ኤችአይቪ የሌለባቸው፣ ሥራ ላይ ያሉ 485 ጤናማ ኢትዮጵያውያን ደም ተለካ። ከእነሱም 142ቱ በዕጣ ተመርጠው የነጭ ሕዋሳት ዓይነታቸው በዝርዝር ተቆጠረ። ማነጻጸሪያ የሆኑት 1,356 ጤናማ የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች ናቸው።

ይህን ሥራ ያለ ማጋነን እጅግ አደንቃለሁ። የበሽታ ምርምር ትኩረት የሚስበው በሽተኛ ስላለበት ነው፤ የጤነኛ ሰው ደም ቁጭ ብሎ መቁጠር ግን ጭብጨባ የሌለው ድካም ነው። በላብራቶሪ ሙያ አንድን ልክ ለማውጣት ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰው ይበቃል ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ለዋናው የደም ልክ ከዚያ አራት እጥፍ ያህል ወስደዋል። ሥራቸውን ሳነብ የሚታየኝ ይህ ጥንቃቄ ነው፤ ወንዱን ከሴቱ መለየት፣ አማካዩን ከመካከለኛው ለይቶ ማስቀመጥ፣ ከሁለቱም ጫፍ ጥቂቱን ቆርጦ መሃል ያሉትን 95 በመቶ መያዝ።

የተገኘው ምን ነበር? የነጭ የደም ሕዋስ አማካይ በሊትር 6.1 ቢሊዮን፤ ፕላትሌት 205 ቢሊዮን። የወንዶች ሄሞግሎቢን 16.1፣ የሴቶች 14.3 ግራም በዴሲ ሊትር። በዝርዝር በተቆጠሩት ላይ ግራኑሎሳይት በማይክሮ ሊትር 3,057፣ ሊምፎሳይት 1,857። መደምደሚያውም በግልጽ ተጻፈ፤ የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ነጭ ሕዋስና ፕላትሌት፣ አገሪቱ እስከዚያ ስትሠራበት ከነበረው የተውሶ ልክ ዝቅ ያለ ነው። በሌላ ሰው ቁመት የተሰፋ ኮት ለብሰን «እጅጌው ረዘመ፣ ታመሃል» ስንባል ኖረናል ማለት ነው።

ከላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ላካፍላቸው። 3,057 ለ1,857 ሲካፈል 1.6 ገደማ ነው። ግራኑሎሳይት የሚለው ስም ኢዮሲኖፊልና ባዞፊልንም ስለሚያቅፍ የኒውትሮፊሉ ሬሾ ከዚህም ጥቂት ያንሳል። በስትሮክ ላይ በተሠሩ የውጭ ጥናቶች «ከዚህ በላይ ያሰጋል» ተብሎ የሚሠመረው መሥመር ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከ3 እስከ 5 ባለው ውስጥ ይወድቃል። እንበል አንድ የአቃቂ ሰው ጤነኛ ሳለ 1.2 ነበር፤ ስትሮክ መታውና 3.6 ሆነ። ሦስት እጥፍ ዘለለ። መሥመሩን 5 ላይ ያሠመረ ሐኪም ግን «ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በከፊል ይታወቃል። ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዳፊ የሚባል ተቀባይ አለ፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ የሚገባው በዋናነት በእሱ በኩል ነው። በአፍሪካ ብዙ ቦታዎች ይህ ተቀባይ ከቀይ ሕዋስ ላይ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዘረመል ሥራ እንዳሳየው፣ ተቀባዩን ያጠፋው ያው የዘር ለውጥ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን የኒውትሮፊል ቁጥርም ዝቅ ያደርጋል። በሽታ አይደለም፤ ሰውየው ከኢንፌክሽን ጋር በአግባቡ ይታገላል። ኢትዮጵያ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ድብልቅ ናት፤ ተቀባዩ ያላቸውም የሌላቸውም ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ቫይቫክስ ወባ እዚህ መኖሩም ይህን ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዓይነት ቱታ የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው፣ የኒውትሮፊል መነሻቸው ሊለያይ ይችላል።

በዓለም ላይ የዚህ ሙያ ጫፍ የት እንደደረሰ ለማየት ደግሞ ኒውሮፊላመንት የተባለውን ፕሮቲን መከተል ነው። የነርቭ ክር ውስጣዊ ወጋግራ ነው፤ ነርቩ ሲሞት ተሰባብሮ ይወጣል፣ ደም ውስጥ ግን የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። ከስትሮክ በኋላ ለሳምንታት ሽቅብ ይሄዳል፣ ለወራትም ከፍ እንዳለ ይቆያል። ይህን ለመያዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው ሲሞዋ የሚባል ዘዴ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወርዳቸው 2.7 ማይክሮ ሜትር የሆኑ፣ ማግኔት የሚስባቸው ዶቃዎች ፕሮቲኑን ይይዙታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ዶቃ ለብቻው አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዷ 50 ፌምቶሊትር ያህል ትይዛለች። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 90 ፌምቶሊትር አካባቢ ስለሆነ ግማሹን ያህል ብቻ ናት። ጉድጓዷ በጣም ጠባብ ስለሆነች አንዲት ሞለኪውል የምትፈጥረው ብርሃን እንኳ ተበትኖ አይጠፋም፤ ጉድጓዷ ወይ ትበራለች ወይ ትጨልማለች። የቀረው የበሩትን መቁጠር ነው።

ግሩም ሥራ ነው። እኔ ግን ኮፔፕቲንን የመረጡትን ሰዎች ብልሃት የበለጠ እወደዋለሁ። አካል ሲጨነቅ አንጎል ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ ቫሶፕሬሲን ግን ቱቦ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ ለመለካት አስቸጋሪ ነው። አብሮት ከአንድ እናት ፕሮቲን የሚቆረጠው ኮፔፕቲን በእኩል መጠን ይወጣል፣ ተረጋግቶም ይቆያል። የሚሸሸውን ትተው አብሮት የወጣውን ለኩ። በስዊዘርላንድ የተጀመረው ይህ ሥራ ከዕድሜና ከስትሮኩ ክብደት ጋር ተደምሮ የታማሚን መጨረሻ ለመገመት የሚያግዝ ስሌት እስከ መሆን ደርሷል። ቱቦው ከክሊኒክ ወደ ላብራቶሪ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ለሚጓዝበት ከተማ፣ የማይበላሽ ምልክት ከረቂቁ ይሻላል።

ታዲያ ደም ለቤተሰቡ ጥያቄ መልስ ይሰጣል? በከፊል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤድንብራ የወጣ ሥራ ኢንተርሉኪን 6 የተባለውን የብግነት ምልክት መርምሮ፣ ከክፉ መጨረሻ ጋር በእርግጥ ይያያዛል፤ ዕድሜና የስትሮኩ ክብደት አስቀድመው ከታወቁ ግን ግምቱን እምብዛም አያሻሽለውም አለ። በኒውዚላንድ የተሠራው ፕሬፕ ሁለት የተባለ የእጅ ማገገም ግምት ደግሞ የሚነሳው ከደም አይደለም። ስትሮኩ በመታ በ3 ቀን ውስጥ ሐኪሙ ታማሚውን «ክንድዎን ወደ ጎን ያንሡ፤ ጣቶችዎን ይዘርጉ» ይለዋል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች እያንዳንዳቸው ከ5 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ 5 እና ከዚያ በላይ የሆነና ዕድሜው ከ80 በታች የሆነ ሰው እጁ በጣም ጥሩ ሆኖ እንደሚመለስ ይጠበቃል። መርፌ የለም፣ ቱቦ የለም።

ይህ የላብራቶሪዋን ባለሙያ ሥራ ዋጋ አይቀንሰውም። ታማሚው ትእዛዝ መስማት ካልቻለ፣ ካልነቃ፣ ከሳንባው ጋር መታገል ከጀመረ ወደ ደሙ መመለስ ግድ ነው። ያኔ ሬሾው ይረዳል፤ በራሱ ሳይሆን በትክክለኛ ልክ ሲመዘን። የ1999ኙ ልክ የተወሰደው ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ነው፤ ስትሮክ የሚበዛው ግን ዕድሜ ሲገፋ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ጤነኛ የሆኑ እናቶችና አባቶች ሞልተዋል። የእነሱን ደም በዚያው ጥንቃቄ የሚቆጥር ሰው ቢነሳ ለብዙ ቤተሰብ ጥያቄ የተሻለ መልስ ይገኝ ነበር።

እስከዚያው አንባቢ በራሱ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር አለ። ለሥራ ቅጥር፣ ለጉዞ ወይም ለምርመራ ብለው ጤነኛ ሳሉ የተሠራልዎ የሲቢሲ ወረቀት ካለ አይጣሉት፤ የአባትዎንና የእናትዎንም እንዲሁ። ቀኑ በግልጽ እንዲነበብ አድርገው ከመታወቂያው ጋር ያስቀምጡት። ድንገት ፊት የተጣመመ፣ እጅ የዛለ፣ አንደበት የተያዘ ዕለት ሰዓቱን ይመዝግቡና ወደ ሆስፒታል ይሩጡ፤ ወረቀቱ ቅርብ ከሆነ ይዘውት ይሂዱ፣ ካልሆነም ሌላ ሰው ያምጣው እንጂ ለእሱ ብለው አይዘግዩ።